ወደ ግድግዳ የዞረው ገጽ

ይድረስ ለወንድሜ፤

አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጆቹ እንደምን ሰንብታችኋል? የትልቋ ጥርስ በቀለላት? ባለፈው በስልክ ስታወራኝ በወለቀው ጥርሷ በኩል ቃሉ ሁሉ እየሾለከ አንድም ነገር ሳይገባኝ "እሺ የኔ እመቤት" እያልኩ ቆየሁ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ እንደ አሮጌ ወንበር መንቋቋት ጀምሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎንበስ ብሎ ወረቀት ሲያጥፍ የኖረ ወገብ ቢያማርር አይፈረድበትም። ጎረቤቶቹም ደህና ናቸው፤ ስላንተ ጋዜጣ ላይ የወጣውን እየመጡ ያነቡልኛል፣ እኔ ማንበብ የማልችል ይመስል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ደብዳቤ ካሉት። በኮምፒዩተር የተጻፈ አራት መስመር። ሁለተኛው መስመር የሥዕል ኤግዚቢሽንህን ቀን ይናገራል፣ ሦስተኛው ደግሞ "የልጅነት ክፍላችንን ግድግዳ ከነጣውላው ቆርጠው የሚያመጡ ባለሙያዎች ስለሚላኩ ትብብርሽን እጠይቃለሁ" ይላል። ትብብርሽን። እኔና አንተ መተባበር የጀመርነው መቼ ነው? ጀርባዬ ላይ አዝዬህ ውሃ ስቀዳ ተባብረኸኝ ነበር?

ሰዎቹም መጡ። ሁለት ናቸው፣ ጨዋዎች ናቸው፣ ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው ነው የገቡት። አንደኛው ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ለካና፣ እትዬ፣ ይሄ እኮ ቅርስ ነው አለኝ። ቅርስ ከሆነማ ወራሹ ራሱ ይምጣ አልኩት። ሌላኛው መጋዙን እግሩ ሥር አስቀምጦት ነበርና ቶሎ ብሎ አነሳው። ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ሳይነግሩህ አልቀሩም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስትደውል ስልኩን ያላነሳሁትም ለዚሁ ነው። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ግድግዳ ይቆረጣል ሲባል ግን ካንተ መስማቴ ነው።

አሁን ንዴቴ በርዶልኛል፣ ወይም እንደበረደልኝ ቆጥረኸው አንብብ። ግድግዳውን ለመላክና ላለመላክ ሳወጣ ሳወርድ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ያመነታሁት ላዩ ላይ ለተለጠፈው ወረቀት ሳስቼ አይደለም። ግድግዳው ከሄደ አንድ ነገር አብሮት ይሄዳል፣ ያ ነገር ደግሞ አንተ እጅ ከገባ ተመልሶ አይመጣም።

የሥዕል ታሪክ መጽሐፍህን አንብቤዋለሁ። አልላክህልኝም፤ አልተቀየምኩም። ተቀይሜ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲታተም ሥራው ለኛ ማተሚያ ቤት ደረሰ። እኛ ጥረዛ ክፍል የሚመጣው እንግዲህ መጽሐፍ ሳይሆን ትልልቅ ሉክ ወረቀት ነው። አንዱ ሉክ ላይ አሥራ ስድስት ገጽ ታትሞበታል፣ ግማሹ ተዘቅዝቆ፣ ሦስተኛው ገጽ ከአሥራ አራተኛው ጎን ተኝቶ። ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ነው ቅደም ተከተሉ የሚስተካከለው። ማጠፊያ ማሽናችን ከተበላሸ ስለቆየ እኔና ሁለት ሴቶች በእጃችን ነው የምናጥፈው። መግቢያህን እንዲህ እየተቆራረጠ፣ መጀመሪያ መሃሉን፣ ከዚያ መጨረሻውን፣ ከዚያ መጀመሪያውን አነበብኩት። አጠገቤ የምትሠራዋ፣ ወንድምሽ እኮ ነው፣ አንድ ኮፒ ለምን አትወስጂም አለችኝ። ለራሴ ያልተሰጠኝን አልወስድም አልኳት።

አምስተኛው ገጽ ላይ "ለእናቴ" ብቻ ተጽፏል። ሌላው ባዶ ነው። ያን ገጽ በቀን ስድስት መቶ ጊዜ አጠፍኩት። ስድስት መቶ ጊዜ "ለእናቴ"፣ እጥፉን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያን ቀን ብትጠይቀኝ ሽንኩርት ነው እልህ ነበር።

ስለ ግድግዳው የጻፍከው መቼም ያምራል፣ ምላስህ ድሮም ማር ነው። እማዬ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን የመጽሐፍ ወረቀት ያደባለቀችው ማንበብ ስለማትችል ነው ትላለህ። ማንበብስ አትችልም ነበር፤ የምታደርገውን ግን ታውቅ ነበር። መጽሐፎቹ የተጻፉበትን የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በቤቱ ስላልነበረ ታሪኩን ራሴ ፈጠርኩት ትላለህ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን፣ የካውቦዩንና የጠፈሩን መጽሐፍ የሳለው ያው አንድ አውሮፓዊ መሆኑን በዘጠኝ ዓመትህ ከድንጋዩ አሳሳል ለይተህ እንዳወቅህ፣ ማንም እንዳልነገረህ የጻፍከው ነው። እኔ ነኝ የነገርኩህ። ጉንፋን ይዞህ ተኝተህ ነበር። ጣትህን ይዤ መጀመሪያ የካውቦዩን ገደል፣ ከዚያ የጠፈሩን ገደል አስዳሰስኩህ፤ ፊርማው ለየቅል ቢሆንም እጁ አንድ ነው አልኩህ። አንተ ደግሞ አፍንጫህን እጅጌዬ ላይ ጠረግህ። እኔ እጅጌውን አስታውሳለሁ፣ አንተ ድንጋዩን።

ለአንተ ያ ግድግዳ የልጅነት ትዝታ ነው፤ እኔ ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት አጠገቡ ተኝቼ ተነስቻለሁ። አርባ አራት ሉክ ነው፤ እዚህ ሉክ የምልህ አንዱን የመጽሐፍ ቅጠል ነው። ሁለት የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ተበጣጥሶ በዱቄት ሙጫ ከአልጋው ራስጌ እስከ መስኮቱ ተለጥፏል። ወረቀት መቼም ሁለት ገጽ አለው፣ ግድግዳ ደግሞ አንዱን ይበላል። ስለዚህ የምናየው ግማሹን ታሪክ ነበር፣ እሱም ተደበላልቆ። ካውቦዩ ሽጉጡን ሲመዝ ጎኑ ያለው ገጽ ላይ ሄልሜት ያጠለቀ ሰውዬ ማንም በሌለበት ፕላኔት ላይ ይራመዳል።

የካውቦዩን ገጾች ስታይ አፍህ ውስጥ አቧራ ይገባል። ብሩሹ ወፍራም ነው፣ ጥቁሩ የምር ጥቁር ነው። የባርኔጣው ጥላ ግማሽ ፊቱን ውጦታል፣ ጺሙ አልተላጨም፣ ጃኬቱ ክርኑ ላይ አልቋል። ገደሉ በሺህ ጭረት የተሠራ ነው፤ ሁለት እርምጃ ራቅ ስትል ግን ጭረቱ ይጠፋና ድንጋዩ ይቀራል። ፈረሱ ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ የኋላ እግሩ ላይ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማሃል። የጠፈሩ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። በቀጭን ብዕር አንዴ ተሰምሮ የተተወ ነው፣ ያልተደጋገመ፣ ያልተጠራጠረ። ሰማዩ አብዛኛውን ገጽ ይወስድና ሰውዬው ታች እንደ ምስር ፍሬ ሆኖ ይሄዳል። አንድ ቃል የማይነገርባቸው ገጾች አሉ። እነዚያ ፊት ስትቆም አንተም ዝም ትል ነበር፤ ሌላ ጊዜ አፍህ ስለማይዘጋ እኔ ለሠዓሊው ዕድሜ እለምንለት ነበር። ሁለቱም በረሃ ነው፤ አንዱ ፀሐይ ያለበት፣ አንዱ ብርሃን ብቻ ያለበት። አንድ ሰው ያን ሁሉ አቧራ ሲስል ኖሮ፣ በሌላ ቀን ቁጭ ብሎ እንዲያ ያለ ንፁህ ነገር መሳሉ ዛሬም ይደንቀኛል።

ካውቦዩን "አቧራው"፣ የጠፈሩን "ዝምታው" አልናቸው። አንድ ቦታ ላይ አቧራው በጥይት ተመትቶ ገደል ሥር ይወድቃል። ወረቀቱ ላይ የሚታየው ይኸው ነው፤ ጎኑ ያለው ገጽ የዝምታው ነው። እዚያ ስንደርስ ታለቅስ ነበር። እኔም አልሞተም እልህ ነበር፤ ከወረቀቱ ጀርባ ተነስቷል፣ ባርኔጣውን በሄልሜት ቀይሮ ወደዚያኛው በረሃ ተሻግሯል፣ ጉዳዩን ሲጨርስ ደግሞ የሚጠብቁት ሰዎች ቤት ይመለሳል። ሁልጊዜ ይመለሳል። መመለሱን ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስድህም። መጽሐፍህ ውስጥ ባርኔጣውን በሄልሜት እየቀየረ ከበረሃ በረሃ የሚሻገር፣ በመጨረሻም ቤቱ የሚመለስ ሰው አገኘሁ። ጋዜጣው "ከማንም ያልተቀዳ ምናብ" ይለዋል። ይሁን፤ ምራቄን ዋጥ አድርጌ አጠፍኩት።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ታሪኩን አውቀው ነበር። የወረቀቱን ጀርባ እየገመትኩ አልነበረም የማወራህ፤ እያወቅኩ ነበር የምዋሽህ።

አንተ ከመወለድህ በፊት ያቺን ክፍል አከራይተናት ነበር። ተከራዩ ለመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ፕላን የሚነድፍ ሰው ነው። ቀጭን ነው፣ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ እንደ ትልቋ ልጅህ። እማዬ "ነዳፊው" ትለው ነበር። አውሮፓ ተምሮ ሲመለስ ሁለቱን መጽሐፍ ይዞ የመጣው እሱ ነው። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፣ መምህራን ማሠልጠኛ ሁለተኛ ዓመት። ለማስተማሪያ የሚሆን ሥዕል መሳል ግዴታችን ነበርና እጄ አልታዘዝ ቢለኝ፣ እባክህ አሳያት ብላ የለመነችው እማዬ ራሷ ናት። እኔን ስትወቅሰኝ ይቺን ትዘላት ነበር።

ሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ይገልጥና ፊርማዎቹን በአውራ ጣቶቹ ሸፍኖ፣ ይሄ የማን ነው፣ ያኛውስ ይለኛል። የሁለት ሰው ነው እላለሁ። ይስቅና ድንጋዩን ያሳየኛል። ፊርማ ይለወጣል፣ ሰው ድንጋይ የሚስልበት እጅ ግን አይለወጥም ይል ነበር። ሠዓሊው በአንደኛው ይኖራል፣ በሌላኛው ይተነፍሳል፣ ለዚህ ነው ሁለት ስም ያስፈለገው አለኝ። ከዚያ ቃል በቃል እየተረጎመ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበልኝ። የተመታውን አቧራው አንዲት ሴት ጎትታ ቤቷ ታስገባዋለች። ጥይቱን ታወጣለች፣ ቁስሉን ታጥባለች፣ አንድ ወር ታበላዋለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ባርኔጣውን ያደርጋል፣ ፈረሱ ላይ ይወጣል፣ ይሄዳል። ዞር አይልም። ሴትየዋ በር ላይ ቆማ ትቀራለች። በሚቀጥለው ቅጽ ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የሚቀጥለውን ቅጽ አላነበብኩትም አለኝ።

መንገዱ አለቀ፣ ሠራተኛው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ነዳፊውም በአንድ ወር ውስጥ እመለሳለሁ ብሎ ሁለቱን መጽሐፍ ለኔ ትቶልኝ ሄደ። የጠፈሩ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ባዶ ገጽ ነበር፤ እዚያ በእርሳስ ሦስት መስመር ጻፈልኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አንዱ ወር ሦስት ሆነ። በሦስተኛው ወር እማዬ መጽሐፎቹን ከፍራሼ ሥር አገኘቻቸው። ፊደል ባትቆጥርም የእርሳስ ጽሑፍና የማሽን ጽሑፍ ትለያለች፣ ልጇንም ታውቃለች።

አላቃጠለቻቸውም። እማዬ ነገር ማቃጠል አትወድም፤ ጭስ ለጎረቤት ያወራል ትል ነበር። ዱቄት በጠበጠች፣ ሙጫ ሠራች፣ መጽሐፎቹን ቅጠል በቅጠል ገነጠለች። መጀመሪያ የለጠፈችው ያን የእርሳስ ጽሑፍ ያለበትን ነው፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ጽሑፉን ወደ ጣውላው አዙራ። ሌላውን ሁሉ ማንም ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳያነበው እያማታች ለጠፈችው። የመጽሐፍህ ተቺዎች "የተምታታ ጊዜ ውበት" የሚሉት ይሄን ነው። ስትጨርስ እጇን ታጠበችና፣ ዝም አይነቅዝም አለችኝ።

በሳምንቱ አክስቴ ጋ ወደ ሌላ ከተማ ይዛኝ ሄደች። ስድስት ወር ተቀመጥን። ለሰው የተነገረው፣ እማዬ በዚህ ዕድሜዋ አርግዛ ስለደከማት እህቷ ጋ እንደምታርፍ፣ እኔም ላስታምማት እንደሄድኩ ነው። ስንመለስ እሷ አንተን ታቅፋ ከፊት፣ እኔ ቦርሳ ይዤ ከኋላ። አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ጎረቤቱ የእርጅና በረከት እያለ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሲላት፣ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ለእንግዳ የሚሆን ብርጭቆ አጥብ ነበር። አባዬ መኪናውን አቁሞ ሲገባ አንዴ ፊትህን፣ አንዴ ፊቴን አየና ኮፍያውን ሰቀለ። የረጅም መንገድ ሹፌር ብዙ ነገር አይቶ ማለፍ ይችላል፤ ስሙንም ሰጠህ፣ ነፍሱን ይማር። ማሠልጠኛው ቦታሽን ለሌላ ሰጥተናል አለኝ። ማተሚያ ቤቱ የገባሁት አንተ ሁለት ዓመት ሲሞላህ ነው።

ያን ዓመት የተባልኩትን ሁሉ እሺ ብያለሁ። እንቢ ያልኩት በስምህ ብቻ ነው። አባዬ የአባቱን ስም ሊያወጣልህ ፈልጎ ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀምስም አልኩ፣ ተሸነፉ። ይሄን ስም ከየት አመጣችሁት፣ በዘራችን የለም እያልክ ስንት ጊዜ ጠይቀኸኛል። ግድግዳ ላይ አንብቤ ነው ስልህ የምቀልድ ይመስልህ ነበር።

አንድ ቀን፣ መራመድ በደንብ የቻልክ ሰሞን፣ እማዬ እጇን ዘርግታ ጠራችህ። አንተ አልፈሃት ወደ እኔ ሮጥክና "እማዬ" አልከኝ። እማዬ እጅህን ያዘችና፣ እሷ እታለም ናት፣ እታለም በል አለችህ። አልክ።

ይቅርታ፣ ነገሬ ረዘመ። ከዚህ ሁሉ መሃል ስለ ሥዕልህ ሳልነግርህ እንዳልቀር፤ ከጋዜጦቹ የማትሰማው እሱን ነው። መስመርህ ጥሩ ነው። የጠፈሩን እጅ ወስደሃል፣ ንፁህ ነው፣ ስታጥፈው እንኳ ወረቀቱ ላይ ቀለሙ የተቀመጠበት መንገድ ደስ ይላል። ፈረሶችህ ግን አይከብዱም። ዳገት ሲወጡ እንኳ የሚንሳፈፉ ነው የሚመስሉት። ያ አውሮፓዊ ሠዓሊ ሰማይ ላይ የሚበር ሰው ሲስል ያሳመነን፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ላብና እበት ስለሳለ ነው። አንተ የወሰድከው የሰማዩን ገጽ ብቻ ነው። ሰዎችህ ሲሄዱ ቆንጆ ናቸው፤ ከኋላ ቆሞ የሚቀረውን ሰው ግን አንድም ጊዜ አልሳልከውም። አትቆጣ፤ እጄ ባይታዘዝልኝም ዓይኔ ደህና ተምሯል፣ ከማን እንደተማረም ነገርኩህ።

እማዬ ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት አስማለችኝ። ከሞትኩም በኋላ እንዳትነግሪው ብላ። ማልኩላት፤ የምትሞት ሰው እንቢ አይባልም። ለቀብሯ አልደረስክም፣ አበባ ላክህ፣ የኔን እጅ የሚያህል ካርድ ላዩ ላይ። በወሩ ጋዜጣው ላይ "ከእንግዲህ እናት የሌለኝ ሰው ነኝ" ብለህ አነበብኩ። እማዬ ዝም አይነቅዝም ያለችው ከወረቀት ጋር ስላልሠራች ነው። የሚነቅዘውን ነገር እኔን ይጠይቁኝ፤ ዝምታም ይነቅዛል፣ ከውስጥ ነው የሚጀምረው፣ ሽፋኑ ደህና ይመስላል።

ሰዎቹ መጋዛቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ራሴ ጀመርኩት። መጋዝ አያስፈልገውም። የዱቄት ሙጫ እንፋሎት ይፈታዋል፣ ትዕግሥት ካለህ። ከሥራ ስመለስ ማንቆርቆሪያ እጥዳለሁ፣ ጨርቅ በእንፋሎቱ አርሼ ወረቀቱ ላይ አስተኛለሁ፣ ማዕዘኑ ሲነሳ ሥራ ቤት ወረቀት የማጥፍበትን ጠፍጣፋ አጥንት ከሥሩ እሰዳለሁ። በቀን አራት ሉክ፣ አንዳንድ ቀን ሦስት። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሙጫውን አጥቤ፣ በሁለት ካርቶን መሃል ጨቁኜ አደረቅኳቸው። ሦስቱ ጫፋቸው ተቀዷል፣ አንዱን አይጥ በልታዋለች፤ እሱ የኔ ጥፋት አይደለም።

ሴትየዋን አገኘኋት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ጣውላ ስታይ ኖራ ቀና ስትል በር ላይ ቆማለች። ግድግዳው ላይ በሚታየው ገጽ ሁሉ አንዲት ሴት አልነበረችም፤ ልብ ብለህ ታውቃለህ? ጀርባው ላይ ግን ሞልታለች። ውሃ ስታፈላ፣ ጨርቅ ስትቀድ፣ ጫማውን ስታወልቅለት። ሠዓሊው ደግሞ እንዴት አድርጎ እንደሳላት ብታይ። ስትጠብቅ ፊቷን አላሳየም፣ ጀርባዋን ነው የሳለው፤ ትከሻዋ ላይ ብቻ ሁሉን ነገር አስቀምጦታል። እዚያ ላይ ሥራዬን አቁሜ ተቀመጥኩ፣ ማንቆርቆሪያው እስኪደርቅ ድረስ።

የራስጌውን ሉክ ለመጨረሻ ነው የተውኩት። በእርሳስ ስለነበር ውሃው አላጠፋውም። ሦስት መስመር ነው። አንደኛው መስመር ላይ ስሜ አለ። ሁለተኛው "በአንድ ወር ውስጥ" ብሎ የሚጀምር ነው፣ እሱን ዝለለው። ሦስተኛው፣ ወንድ ከሆነ ብሎ፣ አንድ ስም ነው። አንተ ቤት በር ላይ፣ መጽሐፍህ ሽፋን ላይ፣ በየጋዜጣው የተጻፈው ስም።

አርባ አራቱንም ሉክ በሣጥን አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ሁለቱንም መጽሐፍ ለይቼ በገጽ ቁጥራቸው አስተካክያቸዋለሁ፤ ሥራዬ ነው፣ ሳላስተካክል አልልክም። ያ ሉክ ከላይ ነው፣ የጠፈሩ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ፣ ቦታው እዚያው ስለነበረ። በመስታወት ስታሰቅላቸው የትኛውን ገጽ ወደ ሰው፣ የትኛውን ወደ ግድግዳ እንደምታዞር እኔን አትጠይቀኝ። እማዬ ምርጫዋን አድርጋለች፣ እኔም ይኸው መሐላዬን በልቼ የኔን አደረግኩ። የቀረው ያንተ ነው። አላባብልህም፤ ስትናደድ የምታቅፍህም እኔ አልሆንም፣ ሩቅ ነህ።

ግድግዳው አሁን ባዶ ጣውላ ነው። ወረቀት የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ቀለም ልቀባው አስቤ ነበር፣ ተውኩት።

መልስ ከጻፍክልኝ በእጅህ ጻፈው፤ የተተየበ ከሆነ አልከፍተውም። ፖስታው ላይ "ለእህቴ" ብለህ እንደሁልጊዜው ትጽፍ ወይም አትጽፍ አንተ ታውቃለህ። ፖስተኛው እንደሆነ ቤቱን አይስተውም።

እግዜር እጅህን ይባርክልህ፣ ዓይንህን ይጠብቅልህ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ትልቋን ጣቶቿን ሳምልኝ።

እስከዚህ ደብዳቤ ድረስ፣
እህትህ